ወረፋ ላይ እያሉ ሰዓቱ አለፈባቸው፦ የመጠጥ መሸጫ ሰዓት በምትኖሩበት አገር እንዴት ነው?

የማታ ፈረቃ | ግላስጎው

ሰላም ለሁላችሁ። ከትናንት ማታ ጀምሮ አንድ ነገር ውስጤን ሲበላኝ አድሯል። ለማን እንደምነግረው ስለቸገረኝ እዚህ ጻፍኩት።

ግላስጎው ውስጥ በአንድ መካከለኛ ሱቅ በማታ ፈረቃ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ ስሠራ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። እዚህ ስኮትላንድ ሱቅ የአልኮል መጠጥ መሸጥ የሚችለው እስከ 10 ሰዓት ብቻ ነው። ትናንት ቅዳሜ ስለነበር ሰዓቱ ሲቃረብ ሱቁ ተጨናነቀ። ከአራቱ ማሽኖች የሚሠሩት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ከወረፋው መሀል አንድ የአገራችን አባት ሁለት ጠርሙስ ቀይ ወይን ይዘው ቆመው አየሁ። ስማቸውን አላውቅም፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ይመጣሉ፣ ሰላም ሲሉኝ ኮፍያቸውን አውልቀው ነው።

ከፊታቸው የነበረችው ሴት ካርዷ አልሠራ ብሎ ሦስት ጊዜ ሞከረች። እሳቸው ደርሰው ጠርሙሶቹን ሲያስቀምጡ ሰዓቱ ልክ 10 ሆነ። የመጀመሪያውን ባርኮድ ሳስነብብ ማሽኑ ጮኸና ሽያጩን ከለከለ። «ልጄ፣ ወረፋ ላይ እኮ ነበርኩ። የልጅ ልጄ ነገ ሰማንያ ቀኗ ነው፣ ክርስትና ትነሣለች» አሉኝ። አልችልም አልኳቸው። ከኋላ ያሉት ሰዎች ማጉረምረም ጀመሩ። አባት ጠርሙሶቹን ወደ እኔ ገፋ አደረጉና «አንቺ እንኳ?» ብለው ወጡ። ኮፍያቸውን አላወለቁም።

እሑድም ቢሆን ሽያጭ የሚጀመረው ጠዋት በ10 ነው። ያን ጊዜ ቅዳሴ ላይ ይሆናሉ። ጥፋቱ የእኔ ነው? ወረፋ ላይ የነበረ ሰው መብት የለውም? እናንተ ባላችሁበት አገርስ እንዴት ነው?

ሰዓት ጠባቂ | አዲስ አበባ

እህቴ፣ «10 ሰዓት» ስትዪ በእኛ ነው በፈረንጅ? በእኛ ከሆነ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው የሚዘጋው ማለት ነው።

የማታ ፈረቃ | ግላስጎው

ይቅርታ፣ እዚህ ስኖር አፌ ለምዶ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት። ከ4 እስከ 4፣ ሰባቱንም ቀን። ስህተቱ ቀላል አይደለም፤ አዲስ የመጡ ሰዎች «እስከ 10» ሲባሉ ከቀኑ 10 መስሏቸው ሥራ አቋርጠው ሲሮጡ አይቻለሁ። ከዚህ በኋላ ሁላችንም በእኛ ሰዓት ብንጽፍ ይሻላል።

ፈቃድ ያዥ | ኤዲንብራ

እህቴ፣ ጥፋቱ የአንቺ አይደለም፤ በደንብ ላስረዳሽ። እኔ ኤዲንብራ ውስጥ መጠጥ ቤት ነው የምሠራው። የግል የመጠጥ ሽያጭ ፈቃድ አለኝ፣ በየአምስት ዓመቱም ሥልጠናውን አድሳለሁ።

የስኮትላንድ የመጠጥ ፈቃድ ሕግ የወጣው በ2005 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ልጥራቸው)፤ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው መስከረም 1 ቀን 2009 ነው። ሰው ገዝቶ ይዞት ለሚሄደው መጠጥ ከ4 እስከ 4 የሚለውን ወሰን ያስቀመጠው ይህ ሕግ ነው። ሕጉ የሚያየው ሽያጩን ነው። ሽያጩ ደግሞ ገንዘብ ተቀባዩ ጋ ነው የሚፈጸመው፤ ጠርሙስ ከመደርደሪያ ማንሳትም ወረፋ መያዝም ሽያጭ አይደለም። ከሰዓት ውጭ መሸጥ ወንጀል ነው። ሱቁም ፈቃዱ በአካባቢው የፈቃድ ቦርድ ሊመረመር፣ ሊታገድ፣ ሊነጠቅም ይችላል። ማሽኑ ባይከለክልሽና ብትሸጪላቸው ኖሮ ለአንድ ክርስትና ብለሽ ራስሽንም አሠሪሽንም አደጋ ላይ ትጥዪ ነበር።

መጠጥ ቤት ግን ሌላ ነው፣ ሰዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። እኛ ጋ የመዝጊያው ሰዓት በየቤቱ ፈቃድ ላይ ይጻፋል። የእኛ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው፤ የዳንስ ቤቶች ይረዝማል፣ በነሐሴ የኤዲንብራ ፌስቲቫል ጊዜ ደግሞ ቦርዱ ለብዙዎቻችን ይጨምርልናል። ሃያ አራት ሰዓት ለመሸጥ ፈቃድ የሚሰጠው ግን በጣም ልዩ በሆነ ምክንያት ብቻ ነው። ሰዓቱ ሲሞላ መቅዳት እናቆማለን። የተቀዳለት ሰው ጠጥቶ ለመጨረስ 15 ደቂቃ አለው፣ ምግብ አብሮ ከበላ 30 ደቂቃ። ይህን የተቀዳውን ጠጥቶ መጨረሻ ጊዜ ሕጉ ለሱቅ ወረፋ አልሰጠም። አባትየውን የጎዳቸው ይህ ልዩነት ነው። አንድ ሰው ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ እኔ ጋ ተቀምጦ ወይን ይጠጣል፤ ያንኑ ጠርሙስ ተዘግቶ ስጠኝና ቤቴ ልውሰደው ቢለኝ ግን አልችልም።

በነገራችን ላይ፣ በኢንተርኔት ያዘዙትንም ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለመኖሪያ ቤት ማድረስ ክልክል ነው።

ለንደን ሰሜን | ለንደን

እኔ በዚህ ሕግ አልስማማም፣ ልቤ ስለተነካ ነው የምጽፈው።

ለንደን ከመምጣቴ በፊት ኤዲንብራ ውስጥ አራት ዓመት ሆስፒታል አጽድቻለሁ፣ ሌሊት። ከሥራ የምወጣው ጠዋት 1 ሰዓት ነበር። ያ ለእኔ ምሽቴ ነው። ሌላው ሰው ከሥራ ሲመለስ አንድ ቢራ ገዝቶ ቤቱ ይገባል፤ እኔ ግን ለአንድ ቢራ ሦስት ሰዓት መጠበቅ ነበረብኝ፣ ወይም ከመግባቴ በፊት ገዝቼ በሥራ ልብስ መቆለፊያዬ ውስጥ መደበቅ። የመጠጥ ጠርሙስ በሆስፒታል መቆለፊያ ቢገኝብኝ ምን ይሉኝ ነበር? ሌሊት የሚሠራው አብዛኛው ደግሞ ስደተኛ ነው። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ቀን ሠርተው ማታ የሚተኙ ናቸው።

እንግሊዝ ውስጥ ከኅዳር 2005 ጀምሮ አገር አቀፍ ወሰን የለም። እያንዳንዱ ሱቅና መጠጥ ቤት የራሱን ሰዓት በፈቃዱ ላይ ያስጽፋል፤ የእኔ ሰፈር ሱቅ ሌሊቱን ሙሉ ይሸጣል። ሰካራም እንደሆነ ሰዓቱን ያውቃል፤ ከ4 በፊት ገዝቶ ያከማቻል። የሚቀጡት እንደ እኒያ አባት ያሉ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚገዙ ሰዎች ናቸው።

እናትዓለም | አበርዲን

ወንድሜ ለንደን ሰሜን፣ የሌሊት ሥራህን ድካም አከብራለሁ። ግን «ሰካራም ያከማቻል» ያልከው ላይ የማውቀውን ልንገርህ።

ታላቅ ወንድሜ ለስድስት ዓመት ከእኔ ጋር ኖሯል። የሚያከማች ሰው አልነበረም፤ ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ ያንኑ ዕለት ያልቃል። ማታ 3 ሰዓት ተኩል ሲሆን የግድግዳውን ሰዓት ማየት ይጀምራል። ሩብ ጉዳይ ለ4 ላይ ጃኬቱን ካነሳ ያን ሌሊት አንተኛም ማለት ነው። በወሬ፣ በእራት፣ ከአገር ቤት በተደወለ ስልክ አዘግይተነው 4 ሰዓት ካለፈ ግን ጃኬቱን መልሶ ይሰቅለዋል። ተናዶ፣ በሩን አጋጭቶ፣ ግን ይሰቅለዋል። እናቴ ከአዲስ አበባ የምትደውልበትን ሰዓት ሆን ብላ ሦስት ተኩል አደረገችው። ለምን እንደሆነ ለእሱ አልነገርነውም።

ዛሬ በሕይወት የለም። ሕጉ አላዳነውም፤ አዳነው ብዬ አልዋሽም። ልጆቼ ተኝተው ያደሩባቸውን ሌሊቶች ግን እቆጥራቸዋለሁ።

የማታ ፈረቃ እህቴ፣ በዚያ ሰዓት ማሽኑ ላይ ቆማ «አይቻልም» የምትል ልጅ ነበረች። ወንድሜ ሲለምናት አይቻለሁ። እሷ በፈቃዷ የምትሸጥ ቢሆን ኖሮ ትሸጥለት ነበር፣ ምክንያቱም ሲለምን አንጀት ይበላ ነበር። ሰዓቱ እሷንም አዳናት።

የማታ ፈረቃ | ግላስጎው

እናትዓለም፣ ነፍሱን ይማርልሽ። ይህን እያነበብኩ አለቀስኩ። እኔም እንደ ወንድምሽ ያሉ ሦስት ሰዎች አሉኝ፤ ፊታቸውን ሳይሆን እጃቸውን ነው የማውቀው። ሳንቲሙን ቆጥረው ይዘው ነው የሚመጡት።

ለሰከረ ሰው መሸጥም ወንጀል ነው። ሥራ ስጀምር በወሰድኩት የሁለት ሰዓት ሥልጠና ተምሬዋለሁ፣ ያለዚያ ሥልጠና መጠጥ መሸጥ አይፈቀድም። ግን «ሰክረሃል፣ አልሸጥልህም» ብሎ ፊት ለፊት መናገር ምን ያህል እንደሚያስፈራ ማንም አላስተማረኝም። ከ25 ዓመት በታች የሚመስልን ሁሉ መታወቂያ መጠየቅ አለብኝ፤ በዚያ ተሰድቤያለሁ፣ አንድ ጊዜም ቆርቆሮ ተወርውሮብኛል። ሰዓቱ ብቻ ነው ከእኔ ጋር የማይጨቃጨቁበት። ማሽኑን ይሰድቡና ይወጣሉ።

ጋሽ ኤዲንብራ | ኤዲንብራ

ልጆቼ፣ እኔ እዚህ ለትምህርት የመጣሁት በ1974 ነው። ያኔ የስኮትላንድ መጠጥ ቤቶች ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ይዘጉ ነበር። እሑድ እነሱ ዝግ ናቸው፤ መጠጣት የፈለገ ወደ ሆቴል ይሄዳል። ከዚያም በፊት የባሰ ነበር። ከ1853 ጀምሮ እሑድ ሆቴል ውስጥ መጠጥ የሚቀዳለት መንገደኛ ብቻ ነበር፣ መንገደኛ መሆኑንም በመዝገብ ላይ ፈርሞ ያረጋግጥ ነበር። የምከራይባቸው ሽማግሌ እንደነገሩኝ በወጣትነታቸው ለአንድ ብርጭቆ ሲሉ እስከሚቀጥለው መንደር በብስክሌት እየሄዱ «መንገደኛ» ብለው ይፈርሙ ነበር። ያ መዝገብ የቀረው በ1962 ነው።

እኔ በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። አራት ሰዓት ሊሞላ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ወንዶቹ ሁሉ አንድ ላይ ወደ ባንኮኒው ይጋፋሉ። አንዱ ሰው ሦስት ብርጭቆ ያዝዛል፣ ሦስቱንም በቁሙ ይገለብጣል። ከዚያ ሁሉም በአንድ ደቂቃ ውስጥ መንገድ ላይ ይፈስሳል፣ ጠቡም እዚያው ይጀመራል። እኔ በጠጅ ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ። ብርሌውን ይዞ የሚያወራን፣ አዝማሪ የሚሰማን፣ ግጥም የሚሰጥን ጠጪ ነው የማውቀው። እንዲያ ያለ አጠጣጥ አይቼ አላውቅም ነበር። አንድ አጥኚ ኮሚቴ ይህን አይቶ በ1973 ሰዓቱ እንዲራዘም ሐሳብ አቀረበ፤ የ1976ቱ ሕግም ያንን ተከትሎ ወጣ፣ እሑድም ተከፈተ።

የሰዓት ገደቡ መነሻው ደግሞ ጦርነት ጭምር ነው። በ1915 የጥይት ፋብሪካ ሠራተኞች ሰክረው ይቀራሉ ተብሎ መጠጥ ቤቶች በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ እንዲከፍቱ፣ ከሰዓት በኋላም እንዲዘጉ ተደረገ። ድንበር ላይ ግሬትና አጠገብ ትልቅ የባሩድ ፋብሪካ ስለነበር መንግሥት የአካባቢውን መጠጥ ቤቶች ራሱ ገዝቶ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ያስተዳድራቸው ነበር። እንግሊዝ ውስጥ የከሰዓት በኋላው መዘጋት የቀረው በ1988 ነው። ጦርነቱ ካለቀ ሰባ ዓመት አልፎት!

ስለዚህ ሰዓት ሁሉ አንድ አይደለም። መጠጥ ቤትን አስቀድሞ መዝጋት ሰውን ያጣድፋል። ሱቅን መዝጋት ግን ሌላ ጉዳይ ይመስለኛል፣ ከሱቅ የሚገዛ ሰው እዚያው ቆሞ አይገለብጥምና። ልጄ የማታ ፈረቃ፣ አትዘኚ። እኒያን ሰው የማውቃቸው ከሆነ እኔ አስረዳቸዋለሁ።

ሜልቦርን ምዕራብ | ሜልቦርን

ጋሼ፣ የነገሩን እዚህም ሆኗል። በቪክቶሪያ ከ1916 እስከ 1966 ለሃምሳ ዓመት መጠጥ ቤት የሚዘጋው ከምሽቱ 12 ሰዓት ነበር። ሰው ከሥራ የሚወጣው 11 ሰዓት፤ ያለችው አንድ ሰዓት ናት። የድሮዎቹ መጠጥ ቤቶች ግድግዳ እስከ ወገብ ድረስ ለምን ሸክላ እንደተለጠፈበት ስጠይቅ፣ ለማጠብ እንዲመች ነው አሉኝ።

ወለላ | ስቶክሆልም

እዚህ ከ3.5 በመቶ በላይ አልኮል ያለው መጠጥ ሱፐርማርኬት ውስጥ የለም። የሚሸጠው የመንግሥቱ ሱቅ ሲስተምቦላጌት ነው፤ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ እሑድ ጭራሽ አይከፍትም። ከዚያ ለመግዛት ዕድሜ 20፣ ምግብ ቤት ተቀምጦ ለመጠጣት 18 ነው።

እኔ የምሠራው አረጋውያንን በመንከባከብ ነው። አንዲት እናት የአባታቸውን የመጠጥ ደብተር አሳይተውኛል። ትንሽ፣ እንደ ባንክ ደብተር ያለች፤ በገዛ ቁጥር ማኅተም ይመታባታል። እስከ 1955 ድረስ ያለዚያ ደብተር ከሱቅ አረቄ መግዛት አይቻልም ነበር። «እናቴ ግን ደብተር አልነበራትም፣ ያገባች ሴት አይሰጣትም ነበር» አሉኝ። ሰዓት ከዚያ ይሻላል ብዬ አሰብኩ። ሰዓት ቢያንስ ለሀብታምም ለድሃም፣ ለወንድም ለሴትም እኩል ይዘጋል።

ለክርስትና ድግስ ደግሞ እዚህ ያለን ሐበሾች ሐሙስ ገዝተን እንጨርሳለን። ለምደነዋል። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ግን የወንድሜ ሠርግ በለስላሳ መጠጥ ነው ያለፈው።

ነጭ ሽንኩርት | ሽቱትጋርት

ጀርመን ውስጥ እንዲህ ያለ አገር አቀፍ ሕግ የለም። ባደን ቩርተምበርግ ክፍለ ሀገር ግን ከመጋቢት 2010 እስከ 2017 መጨረሻ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ሱቅም ነዳጅ ማደያም መጠጥ እንዳይሸጥ ተከልክሎ ነበር። እኔ ያኔ ነዳጅ ማደያ ነበርኩ፤ የማታ ሥራው ሰላም የሆነባቸው ዓመታት ናቸው። ውጤቱን ያጠኑ ሰዎች በመጠጥ ምክንያት ሆስፒታል የሚገቡ ወጣቶች ቁጥር 7 በመቶ ገደማ መቀነሱን አግኝተዋል። ከዚያ ሕጉ ተሻረ። ሲሻር የማደያው ደንበኛም ጠቡም ተመለሰ።

ሐይፋ | ሐይፋ

እስራኤልም ከ2010 ጀምሮ ሱቆች ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 መሸጥ አይችሉም፤ ተቀምጠህ ለምትጠጣበት ቤት ግን አይመለከትም። ሕጉ ሲወጣ ዋናው ምክንያት በየመናፈሻው የሚጠጡት ወጣቶች ነበሩ።

ለንደን ሰሜን | ለንደን

እናትዓለም፣ ይቅር በዪኝ። የጻፍኩት እንደ አንቺ ላለ ቤት አስቤ አልነበረም። የጀርመኑ ቁጥርም አሳሰበኝ። ስለ ምሽቱ የተናገርኩትን አነሳለሁ።

ስለ ጠዋቱ ግን አላነሳም። ማታ ሲሆን ሰው በግልፍታ ይገዛል፣ ይህ ገባኝ። ጠዋት 1 ሰዓት ከሥራ የወጣችን ነርስ ግን ምን ብሎ ይከለክላታል?

ፈቃድ ያዥ | ኤዲንብራ

ወንድሜ፣ መልሱ ከሕጉ ዓላማ ውስጥ ነው ያለው። የእንግሊዙ ሕግ አራት ዓላማ አለው፦ ወንጀልን መከላከል፣ የሕዝብን ደኅንነት መጠበቅ፣ ረብሻን ማስቀረት፣ ሕፃናትን መጠበቅ። የስኮትላንዱ አምስተኛ አለው፤ የሕዝብን ጤና መጠበቅና ማሻሻል። ይህች አንዲት ሐረግ ናት ሁሉንም የለያየችው። በእሷ የተነሳ እዚህ በብዛት ለሚገዛ ቅናሽ ማድረግ ከ2011 ጀምሮ ክልክል ሆነ። በ2018 ደግሞ የመጠጥ ዝቅተኛ ዋጋ ተወሰነ፤ በአንድ የአልኮል መጠን መለኪያ (10 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል) 50 ፔንስ የነበረው በመስከረም 2024 ወደ 65 አደገ። የውስኪ አምራቾች ማኅበር እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተከራክሮ በ2017 ተሸንፏል። ጠዋት በር ላይ የሚጠብቀው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ነርሷ አይደለችም፤ እጁ እየተንቀጠቀጠ የሚጠብቀው ሰው ነው። ያም ሆኖ በ2023 እዚህ 1,277 ሰው በመጠጥ ምክንያት ሞቷል። ሕጉ ሠርቷል ብዬ ደረቴን የምነፋበት ቁጥር አይደለም።

የነርሷ ነገር ግን እውነት ነው፣ መልስ የለኝም።

ዲሲ ባለሱቅ | ዋሽንግተን

ከባለሱቅ ወገን አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ዋሽንግተን ከ2013 በፊት የመጠጥ ሱቆች እሑድ ዝግ ነበሩ። ሳምንቱን ሙሉ ቆመን ሠርተን እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ከሰዓት በኋላ ከልጆቻችን ጋር ነበርን። ሕጉ ሲፈቅድ «የፈለገ ይከፍታል፣ ያልፈለገ ይዘጋል» ተባለ። ወሬ ነው። ከፊት ለፊትህ ያለው ከከፈተ አንተም ትከፍታለህ፤ አለበለዚያ ደንበኛህ ሰኞም አይመለስም። ሽያጬ ከስድስት ቀን ወደ ሰባት ቀን ተዘረጋ እንጂ ብዙ አልጨመረም። የኪዳንን ጸሎት ከሰማሁ ዓመታት ሆኑ። ሁሉንም አንድ ላይ የሚዘጋ ሕግ ለትንሽ ነጋዴ ዕረፍት ነው።

ከደብሊን | ደብሊን

አየርላንድ ደግሞ ሱቅ ከጠዋቱ 4፡30 እስከ ምሽቱ 4፣ እሑድ ከቀኑ 6፡30 ጀምሮ ነው። እኔ በምሠራበት ሱቅ 4 ሰዓት ሲሞላ የመጠጡ ክፍል ላይ መጋረጃ እናወርዳለን። ሩብ ጉዳይ ሲል ደግሞ በድምፅ ማጉያ ሁለት ጊዜ እንናገራለን፤ ወረፋ ላይ ያሉትንም አንድ ሠራተኛ ሄዶ ጠርሙስ የያዙትን ወደ ፊት ያመጣል። የማታ ፈረቃ፣ እናንተ ጋ ይህ የለም? አባትየውን ያስቀየማቸው ሕጉ ሳይሆን ሳይነገራቸው መድረሳቸው ነው።

ከጉለሌ | አዲስ አበባ

ከአገር ቤት እንዳይቀር ብዬ ነው። እዚህ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥ ተከልክሏል፣ የመጠጥ ማስታወቂያም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ወርዷል። የእኛ ሰፈር ጠላ ቤት ግን ሰዓቷን የምታውቀው ባለቤቷ ናት። ጣሳውን ከእንጨቱ ላይ ስታወርደው ተዘጋ ማለት ነው። «አንድ ጨምሪልኝ» የሚላትን «ሚስትህ ምን ትለኛለች» ብላ ትሸኘዋለች። ሁሉንም ጠጪ በስሙ ታውቀዋለች። ግላስጎው ያለች ገንዘብ ተቀባይ ሺህ ሰው በስሙ ልታውቅ አትችልም።

የማታ ፈረቃ | ግላስጎው | ከአሥር ቀን በኋላ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ከደብሊን የጻፍሽውን አትሜ ለኃላፊያችን አሳየሁት። መጀመሪያ «ሰዓቱ በር ላይ ተለጥፏል» አለኝ። ወስጄ አሳየሁት፤ ጽሑፉ ከሎተሪው ማስታወቂያ ኋላ ነው፣ ፊደሉም የጣት ጥፍር አያክልም። ከዚያ ወዲያ ሩብ ጉዳይ ለ4 ላይ በድምፅ ማጉያ መናገር ጀምረናል፣ ሦስተኛ ማሽንም በዚያ ሰዓት ይከፈታል። ባለፈው ቅዳሜ ማሽኑ የከለከለው ሰው አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም ሮጦ የገባ። ወይኑ መደርደሪያ ላይ በአማርኛ ትልቅ አድርጌ ጽፌ ለጠፍኩ፦ «ሽያጭ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት፣ በእኛ ሰዓት»። ትግርኛውን በትክክል የሚጽፍልኝ ሰው ካለ እባካችሁ ላኩልኝ፤ ደንበኞቻችን ከእኛ ይልቅ ኤርትራውያን ይበዛሉ።

አባትየው ትናንት መጡ። ጋሽ ኤዲንብራ አላወቋቸውም፤ እኔው ነኝ ያስረዳኋቸው፣ መደርደሪያዎቹ መሀል ቆመን። መጠጥ ቤት ለሚጠጣ ሰው የተሰጠው 15 ደቂቃ ለሱቅ እንደሌለ ስነግራቸው ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አሉ። «ለምን አልነገራችሁንም?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ጽሑፉን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውጥተው አነበቡት። ክርስትናው በጠላ ነበር የተወጣው፤ ባለቤታቸው የጠመቁት በቅቶ ተርፏል። የሕፃኗ ስመ ክርስትና ወለተ ማርያም ሆኗል።

ምንም አልገዙም። ሲወጡ ኮፍያቸውን አወለቁልኝ።